የላቲን ቅጽልና የግዕዝ ቦዝ አንቀጽ

ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 በሮማ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኝቶ፣ በ1661 የግዕዝን ሰዋስው በላቲን አሳተመ፤ ዲልማንም በ1865 ታላቁን መዝገበ ቃላት እንዲሁ በላቲን አወጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ግዕዝን በላቲን ሚዛን መመዘን የሊቃውንት ልማድ ሆነ። ሚዛኑ አንዳንድ ጊዜ ይስማማል። «ቅዱስ» ሳድስ ቅጽል እንደ ሆነ ሁሉ «ሳንክቱስ»ም «ሳንኪዮ» ከሚለው ግስ የወጣ የተደራጊ ቅጽል ነው፤ ሁለቱም ግስነታቸውን ረስተው ተራ ቅጽል ሆነዋል።

ነገር ግን በሣልስ የሚያልቀውን «ቀዳሲ»ን ከ«አማንስ» ጋር ማስተካከል አያጠግብም። «አማንስ» ከዋናው ግስ ጋር አብሮ የሚሄድ ጊዜ ያሳያል፤ «ቀዳሲ» ግን የሰውየውን ሥራ ይናገራል። ምስክር የሚሻ ሰው ቦሌ ድረስ ይሂድ። «መድኃኒ» ከ«ዓለም» ጋር ሲናበብ «መድኃኔ ዓለም» ይሆናል፤ ይህ «ኔ» ቃሉ ተሳቢ ሲሆንም ያው ነው። ላቲን ግን ስሙን ሲያናብብ «ሳልቫቶር ሙንዲ»፣ በቅጽሉ ሲስብ «ሳልቫንስ ሙንዱም» ብሎ ሁለቱን ይለያል። እንግዲህ የኛ ቃል ለ«ሳልቫቶር» ይቀርባል።

ዋናው ችግር ከቦዝ አንቀጽ ላይ ነው። ላቲን አራት ቅጽሎች አሉት፤ «አማንስ»፣ «አማቱስ»፣ «አማቱሩስ»፣ «አማንዱስ»። ሁሉም በጾታ፣ በቍጥርና በሙያ ይረባሉ፤ ኀላፊ ጊዜን ከአድራጊ ጋር የሚያስተባብር ግን ከመካከላቸው የለም። «ቀዲሶ» ይህንኑ በአንድ ቃል ይፈጽማል፤ በሙያ አይረባም፤ «ቀዲስየ»፣ «ቀዲሰከ»፣ «ቀዲሳ» እያለ በባለቤቱ ይረባል እንጂ። ላቲን በዚህ ስፍራ «ሆስቲቡስ ዊክቲስ አቢይት» ብሎ አድራጊውን ይሰውራል። ተማሪ ቃል በቃል ሲተረጕም «ጠላቶች ተሸንፈው ሄደ» ይላል፤ ሄያጁ ማን እንደ ሆነ አንባቢ አያውቅም። በአማርኛ «ጠላቶቹን ድል ነሥቶ ሄደ» ማለት ይበቃል። በክፍል ውስጥ ቃል በቃል የተተረጐመውን «ታማኝ» ብሎ ማመስገን የቋንቋውን ጠባይ አለማክበር ይመስለኛል።

አንድ ልዩ ነገር አለ። «ሴኩቱስ» መልኩ የተደራጊ ሲሆን ትርጕሙ የአድራጊ ነው፤ ስለዚህ ያለ ችግር «ተከትሎ» ይባላል። የአማርኛውም «ተከተለ» በ«ተ» ጀምሮ የተደራጊን ልብስ የለበሰ አድራጊ መሆኑን ልብ ይሏል።