ጥቂት ቃላትና የገበያ ወዳጅነት፦ በራያ ቆላ ሲመዘን

ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ነጋዴዎች የሚጻፉ መምሪያዎች ደጋግመው የሚሰጡት አንድ ምክር አለ። ይኸውም የሰላምታንና የምስጋናን ቃላት በአገሩ ቋንቋ ማጥናት የባዕዱን ልብ ያለዝባል፣ ስምምነትንም ያቀርባል የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክሩን በቆቦና በራያ ቆላ ገበያ መመርመር ነው።

ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ፤ ከነርሱም ባሻገር የአፋር ቆላ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ አፋርኛና ኦሮምኛ ይገናኛሉ። የማሽላ ነጋዴና የፍየል ሻጭ ከጎረቤቱ ቋንቋ ጥቂት ቃል ቢያውቅ ማንም አይደነቅበትም። እንግዲህ ጥቂት ቃላት ብቻቸውን የሚበቁ ቢሆኑ ኖሮ፣ በእንዲህ ያለ ገበያ ደላላ ባላስፈለገም ነበር።

በመጀመሪያ፣ መምሪያዎቹ ለአንድ ሰላምታ አንድ ቃል ይሰጣሉ። በአማርኛ ግን ለእኩያ «እንደምን አደርክ» ሲባል ለሽማግሌ «እንደምን አደሩ» ይባላል፤ በትግርኛም «ከመይ ሓዲርካ» እና «ከመይ ሓዲርኩም» እንዲሁ ይለያያሉ። ሽማግሌውን «አንተ» ያለ እንግዳ ባዕድነቱ ታይቶ ይቅር ይባል ይሆናል። ይሁን እንጂ ወዳጅነትን የሚያመጣው አክብሮት ስለ ሆነ፣ የደከመበት ቃል ፍሬውን አጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። በአፋሮች ዘንድ መንገደኞች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ስለ ሰላሙ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹና ስለ ገበያው ያየውንና የሰማውን አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያም ተራው ይለወጣል። በወሬው ላይ ሐሰት መጨመር ነውር ነው። እንግዲህ በአፋርኛ ሰላምታ ሰጥቶ ወዲያው ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ ቃሉን ቢያውቅም ሥርዓቱን አፍርሷል። ሰላምታው ጊዜና እውነተኛ ወሬ የሚከፈልበት ዕዳ መሆኑን መምሪያው አልነገረውም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ምክሩ በሰላምታው ማን እንደሚጠቀም አለመጠየቁ ነው። ገዢው በሻጩ ቋንቋ ሰላም ብሎ፣ ሚዛኑንና ዋጋውን ሻጩ በማይሰማው ቋንቋ ከደላላው ጋር ቢጨርስ፣ ሰላምታው መደለያ ሆነ። የውጭ ኩባንያ ወኪልም «እንደምን አደሩ» ካለ በኋላ፣ ገበሬው የሚፈርምበትን ውል በእንግሊዝኛ ብቻ ቢያቀርብ የሁለቱ ልዩነት የመጠን ብቻ ነው።

ይህን ስንል ምክሩ ፈጽሞ ይጣል ማለታችን አይደለም። የሌላውን ቋንቋ ለመሞከር የደከመ ሰው ድካሙ ይታይለታል። ነገር ግን ምክሩ መሟላት አለበት። ነጋዴው ከሰላምታው ጋር የቍጥርንና የሚዛንን ቃላት፣ የአክብሮትንም አነጋገር ይማር። ከሁሉ አስቀድሞ ግን «አልገባኝም» ማለትን ይወቅ። ይህን ቃል ሳያፍር የሚናገር እንግዳ፣ ሻጩም ያልገባውን ሳያፍር እንዲጠይቅ መንገድ ይከፍትለታል።