የማይክ አቦት መጽሐፍ በባሕር ዛፍ አገር

እንግሊዛዊው የወንበር ሠሪ ማይክ አቦት በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ግሪን ውድወርክ» ስለ እርጥብ እንጨት ሥራ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ልቡ ያለው ግን በእግር የሚረገጠው ቶርኖ ላይ ነው። ያነበብኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፦ በስሜን ከመካነ ብርሃን እስከ ደባርቅና ዳባት ያለ አናጢ ከዚህ መጽሐፍ ምን ያገኛል? ብዙ ያገኛል። የስለቱ ብረት ላይ ሲደርስ ግን መጽሐፉ አያደርሰውም።

ቶርኖው ሞተር የለውም። በሁለት ቋሚዎች ላይ ሁለት አግዳሚዎች ይጋደማሉ። በአግዳሚዎቹ መካከል ሁለት ወፍራም አጫጭር እንጨቶች በሽብልቅ ይጠብቃሉ፤ የሚቀረጸው እንጨት በእነሱ ላይ በተተከሉት ሹል ብረቶች መካከል ይያዛል። ከበላይ የሚለመጥ ረጅም አጣና አለ። ከጫፉ የሚወርደው ገመድ እንጨቱን አንዴ ይጠመጠምና ከታች ከመርገጫው ጋር ይታሰራል። ሲረግጡት እንጨቱ ወደ ሠራተኛው ይዞራል፣ መሮው ይልጣል፤ እግር ሲነሣ አጣናው ተፈናጥሮ ገመዱን ይመልሳል። የመልሱ ዙር ባዶ ነው። እኔ ይህን ጉድለት አልለውም፤ ጀማሪ እጅ የሚያርፈውና ዐይን የተቆረጠውን የሚያየው ያኔ ነው። ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት በታነጸው በግብፁ የጴጦሲሪስ መቃብር ላይ በተሣለው ቶርኖ አንዱ ጠፍር ይስባል፣ ሌላው ይቆርጣል፤ እግር ሥራ ሲገባ ሳቢው ቀረ። እግሩን ጉድጓድ ከትቶ የሚሸምን ሸማኔ ባለበት አገር ይህ የእጅና የእግር የሥራ ክፍፍል ባዕድ አይደለም።

መጽሐፉ ሳያውቀው ለእኛ የቀረበው በእንጨት አቅርቦቱ ነው። የአቦት ሙያ ያደገው ዛፉ ተቆርጦ ጉቶው እንደገና በሚያቆጠቁጥበት ጫካ ነው። ባሕር ዛፍም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ የስሜን ግርጌ ገበሬ በጓሮው ተክሎ አጣና የሚሸጠው በዚሁ ጠባዩ ነው። ለሚለመጠው አጣናም ከእሱ የተሻለ አይፈለግም። ወይራና ኮሶ ፍለጋ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መሄድ አያስፈልግም፤ መሄድም አይገባም።

ችግሩ የሚጀምረው ሲፈለጥ ነው። አቦት የሚወደው አሽ የተባለው የአውሮፓ ዛፍ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። የባሕር ዛፍ ጭረት ብዙ ጊዜ ይጠማዘዛል፤ ሲደርቅም ክፉኛ ይኮማተራል፣ በበጋ ንፋስ ጫፉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የእኛ አንባቢ ቀጥ ያለ ለጋ ግንድ መምረጥ፣ ጫፉንም ወዲያው በሰም ወይም በጭቃ መድፈን ይኖርበታል።

ከሁሉ የወደድኩት የበርጩማና የወንበር አሠራሩን ነው። እግሩ እርጥበት እንደያዘ ይበሳል፣ የሚያያይዘው ዘንግ ግን በደንብ ይደርቃል፤ እግሩ እየደረቀ ሲኮማተር ዘንጉን ጨምቆ ይይዘዋል። የእንጨትን ክፉ ጠባይ ወደ ማጣበቂያነት የሚለውጥ ብልሃት ነው። ዘንጉን ለማድረቅ ምድጃ በየቤቱ አለ።

ብረቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጽሐፉ አንባቢ ስለቱን ከእንግሊዝ ገበያ የሚገዛ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ቶርኖውን የሚያስነሣው ቀጥቃጩ ነው። በጎንደርና በስሜን ይህ ሙያ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው በቤተ እስራኤል እጅ ነበር፤ ጎረቤቱ ማረሻውን እየገዛ ሰውየውን «ቡዳ» ሲል ኖረ። በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ብዙ ባለሙያ ወደ እስራኤል ሲሄድ ሙያውም በአብዛኛው አብሮ ሄደ። ያንን ስድብ ዛሬም የሚደግም ሰው ሲያጋጥመኝ ያመኛል፤ ያጣነው የእጅ ብልሃት ነውና።

ለቶርኖ የሚሆን መሮ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ይወጣል። ግሎ በዘይት ከቀዘቀዘ በኋላ ግን እንደገና በቀስታ መሞቅ አለበት፤ አለዚያ በመጀመሪያው እንጨት ይሸረፋል። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው ቢገኝ፣ በዳባት ወይም በደባርቅ ገበያ ማረሻ ከሚያወጣ ቀጥቃጭ ጋር ተቀምጦ ስለ ስለት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይጨምርበት፤ የቀጥቃጩም ስም በሽፋኑ ላይ ከአቦት ስም ጎን ይጻፍ።