ፍራሽ የማይነካ ተረከዝ

አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ እንዴት እንደተያዘ ለማወቅ ስፈልግ መጀመሪያ የማየው ተረከዙን ነው። እዚያ ሥጋ የለም ማለት ይቻላል፤ ቆዳው ያረፈው አጥንት ላይ ነው። ፍራሽ ለሰዓታት ከተጫነው ደም አይደርሰውምና ይቆስላል። ሥራውን የምታውቅ አስታማሚ ጋቢ አጣጥፋ ከባቱ ሥር ታስገባለች። ጋቢው ከጉልበት በታች ጀምሮ ባቱን በሙሉ ይሸከማል፤ ተረከዙ ግን ከፍራሹ ጣት በሚያሳልፍ መጠን ከፍ ይላል። እጥፉ ከቁርጭምጭሚት ሥር ብቻ ከሆነ ጫናው ቦታ ለወጠ እንጂ አልተነሣም። ጉልበቱም ትንሽ መታጠፍ አለበት፤ ድርቅ ብሎ ከተዘረጋ ከበስተኋላው ያለው ደም ሥር ይጨነቃል። ይህ ሁሉ የአንድ ጋቢ አቀማመጥ ነው።

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የቦረና፣ የሳይንትና የለጋምቦ ደጋዎች አረጋውያን የሚጦሩት ከሞላ ጎደል በቤት ነው። አስታማሚዋ ሴት ልጅ፣ ምራት ወይም የልጅ ልጅ ናት። ከተማዋ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊቱ ይበርዳል፤ የሚለበሰው ባና ከባድ ነው። ይህ ክብደት የእግር ጣቶችን ወደ ታች ሲጫን ካደረ ጣት ይቆስላል፣ ውሎ ሲያድርም እግሩ ወደ ታች እንደተቆለመመ ይቀራል። የበሰለች አስታማሚ ባናውን ከግርጌ በኩል ሰብሰብ አድርጋ ላላ ትተወዋለች። ሙቀቱ እንዳለ ሆኖ ክብደቱ ከጣቶቹ ላይ ይነሣል።

ከወገብ ሥር የሚነጠፈው አጎዛ ብቻውን ሰፊ ጉዳይ ነው። በአውስትራሊያና በኔዘርላንድ የተደረጉ ጥናቶች ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀ የበግ ቆዳ የመተኛት ቁስልን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የሚሠራው ጠጉሩ ነው፤ ክብደቱን ይበትናል፣ ፍትጊያን ይቀንሳል፣ አየር ያሳልፋል። የቤታችን አጎዛ በዚያ ደረጃ የለፋ አይደለም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ላዩ ላይ ፕላስቲክ ከተነጠፈ፣ ወይም ጠጉሩ በሽንት ርሶ ከተጣበቀ ጥቅሙ ያበቃል። ጣትን ጠጉሩ ውስጥ እስከ ሥሩ መስደድ ነው። ደረቅና ልቅ ሆኖ ከተገኘ አጎዛው ፀሐይ ላይ ሳይወጣ የማይከርምበት ቤት ነው።

የሕክምና መማሪያዎች የቁስሉን መነሻ ለረጅም ጊዜ በመቅላት ሲያስተምሩ ኖረዋል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ በእጅ ጀርባ ይፈተሻል። አስታማሚዋ እጇን መጀመሪያ ደህናው ቦታ ላይ፣ ቀጥሎ መቀመጫ አጥንቱ ላይ ታሳርፋለች። ሞቅ ካለ፣ ወይም ጠንከር ካለ፣ ወይም ከጎኑ ይልቅ ጠቆር ካለ ያንን ጎን ለጊዜው አታስተኛበትም።

ማገላበጥ የሚባለውም በልክ ነው። የቆየው ልማድ በየሁለት ሰዓቱ ነው። ሙሉ በሙሉ በጎን ማጋደም ጫናውን ዳሌ አጥንት ላይ ያወርደዋል፤ ስለዚህ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ይደረግና ከጀርባ የተጠቀለለ ልብስ ይደገፋል። ከዚያ እጅን ከመቀመጫው አጥንት ሥር ማስገባት ይገባል። እጁ ሳይጫን ከገባ ልክ ነው። ሰውየው መጎተት የለበትም። ከሥሩ በታጠፈ አንሶላ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ይዞ ያነሣዋል። ሲጎተት ቆዳው አንሶላው ላይ ተይዞ ይቀራል፣ አጥንቱ ይሄዳል፤ በመካከል ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይቀደዳሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የምግቡ ሰዓት ነው። አጥሚት ለአረጋዊ የሚመረጠው ስለሚያጠነክር ብቻ አይደለም፤ ጉሮሮው ለደከመ ሰው ወፈር ያለ ነገር ከውኃ ይልቅ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ትን የማለቱም ዕድል ይቀንሳል። ግን ቀና ብሎ መቀመጥ፣ አገጭን ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ ከጨረሱም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጋደሙ መቆየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ፤ ትከሻው ከፍ ሲል ሰውነቱ ወደ ግርጌ ይንሸራተታል፣ መቀመጫው ይፈተጋል። የሠለጠነ እጅ መፍትሔውን በቅደም ተከተል ያገኘዋል። መጀመሪያ ጉልበቱን ታጥፋና ደግፋ፣ ቀጥሎ ትከሻውን ታቃናለች። ሲወርድ ተገላቢጦሹ ነው፤ ትከሻው ይቀድማል፣ ጉልበቱ ኋላ ይለቀቃል። ማንኪያው ግማሽ ብቻ ይሞላል። ማንቁርቱ ወጣ ብሎ እስኪመለስ ሁለተኛው ማንኪያ አይመጣም።

ቤይሩት የተወለደው ሐኪም አቬዲስ ዶናቤዲያን በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የሕክምና ጥራት በሦስት በኩል እንዲታይ አስተማረ፦ ባለው ነገር፣ በሚሠራው ሥራ፣ በተገኘው ውጤት። ጎብኚ ብዙ ጊዜ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የመሠረተው መቄዶንያ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይጦራል። ‹‹ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው›› የሚለው መርሁ ብዙ እጅ ሰብስቦለታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ሁሉ ስንጎበኝ ግን ከአልጋው ቁጥር አልፈን አንድ አልጋ አጠገብ ሁለት ሰዓት መቀመጥ አለብን። ኩባያው በሚሠራው እጅ በኩል ነው የተቀመጠው? ገላ ሲታጠብ መጋረጃው ይሳባል? ‹‹አባባ፣ አሁን ላዞርዎት ነው›› ተብሎ ይነገራል፣ ወይስ ሳይነገር ይዞራል? ተረከዙስ?

ቦረና ውስጥ ብዙ ቤት ሰዓቱን የሚይዘው በሶላት ነው። ከሱብሂ እስከ ኢሻ ያሉት ጊዜያት ማገላበጫውን ያስታውሳሉ፤ የውዱእ ውኃ ሲቀርብ ቆዳም አብሮ ይታያል። ክፍተቱ ሌሊት ነው። ከኢሻ እስከ ሱብሂ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ ቀን ስትሠራ የዋለች አንዲት ሴት ደግሞ ብቻዋን ናት፤ አንሶላው ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቅሬ አለው። ሰው ሲሞት ቀባሪ ይመድባል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቅሶኛ ያስተናግዳል። አባል አልጋ ላይ ሲውልም ለሌሊቱ አንድ ሁለተኛ ሰው በተራ ይመድብ፤ የመካነ ሰላም ቅሬዎች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ተነጋገሩበት።