«ዞሬ ልምጣ» የሌለበት ገበያ

ሂስ የሚጻፈው በልብ ወለድና በግጥም ላይ ብቻ ነው ያለ ማን ነው? በከተማችን ሌሊት ሌሊት፣ ከመኝታ ላይ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ የሚነበብ ድርሰት አለ፤ በቴሌግራም ገጾች የሚለጠፈው የሽያጭ ማስታወቂያ። አንባቢው ብዙ ነውና እንደ ማንኛውም ድርሰት ሊመዘን ይገባዋል።

ድርሰቱ አጭር ነው። አንድ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩም «አዲስ የገባ! ጥቂት ፍሬ ብቻ ቀርቷል! ፈጥነው ይዘዙ!» የሚል። ዋና ገጸ ባሕርይው አንባቢው ራሱ ነው። ጊዜው ምንጊዜም «አሁን» ነው፤ ትናንት የለው፣ ነገ የለው። ጡዘቱ ገንዘቡ የተላከበት ቅጽበት ነው። ልቀቱን ግን ደራሲው አይጽፈውም፤ እሱን አንባቢው ሲነጋ በገዛ ቤቱ ያገኘዋል።

እኔም አግኝቼዋለሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስገላበጥ የቡና ማፍያ ማሽን አዘዝኩ። የቤት ኪራያችንን ግማሽ ወሰደ። ማሽኑ በመጣ ዕለት ባለቤቴ አንዴ ካርቶኑን፣ አንዴ ጀበናውን አየችና «ኪራዩስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የዚህ ድርሰት ዋና ጉድለት፣ እንደኔ እንደኔ፣ ማጋነኑ አይደለም። ገበያተኛ ድሮም ያጋንናል። ጉድለቱ ከገበያ ቋንቋችን አንድ ሐረግ መሰረዙ ነው፤ «ዞሬ ልምጣ» የሚለውን።

ይህን ሐረግ የተማርኩት በልጅነቴ ደቡብ ጎንደር፣ ደራ ውስጥ ነው። ጉማራ ወንዝ ዳር ወዳለው ወንዛዬ ፍል ውኃ አያቴን ተከትዬ ስሄድ በየገበያው እናልፍ ነበር። በዚያ አገር ከተሞቹ ስማቸውን እንኳ የወሰዱት ከገበያ ቀን ነው፤ ሐሙሲት አለ፣ ዓርብ ገበያ አለ። ገበያ ቀን ነበረው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ይበተናል። አያቴ ነጠላውን ታያለች፣ ትዳብሳለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፤ ከዚያ «ዞሬ ልምጣ» ብላ ትሄዳለች። አንዳንዴ ትመለሳለች፤ ብዙውን ጊዜ አትመለስም። ሻጩም አይቀየማትም። ቢቆጫት ሳምንት አለ። በመካከሉ ግን ሰባት ሌሊት ይተኛበታል!

ዛሬስ? ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ብድር ጨመረ። የሌሊቱ የኢንተርኔት ጥቅል በርካሽ ይሸጣል። ጥቅማቸው አያጠያይቅም። ይሁንና በዚያ ሰዓት እጃችንን ይይዙን የነበሩት የተዘጋ ባንክ፣ የተዘጋ ሱቅና ባዶ ኪስ አንድ በአንድ ከመንገዱ ተነሥተዋል።

የቀረው ከልካይ አእምሯችን ነበር፤ እሱም በዚያ ሰዓት አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጆርናል ኦፍ ኒውሮሳይንስ የታተመ ጥናት፣ አንድ ሌሊት ሳይተኙ ያደሩ ሰዎች በገንዘብ ዕጣ ላይ ሲወስኑ ኪሳራን ከመከላከል ይልቅ ትርፍን ወደ ማሳደድ ማዘንበላቸውን አሳይቷል። ጥናቱ ስለ ጫማና ስለ ማሽን አይደለም። ነገር ግን «ጥቂት ፍሬ ብቻ ቀርቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ቀን ላይ ሲነበብ ፈገግ የሚያሰኘውን ያህል፣ ሌሊት ለምን ልብ እንደሚያስደነግጥ ፍንጭ ይሰጣል።

ለደራሲውም እንፍረድለት። ሱቅ ለመከራየት አቅም ያጡ ብዙ ወጣቶች በዚህ ገበያ እንጀራ ይበላሉ። ያን ሌሊት ዋጋ ስጠይቅ መልሱ የመጣልኝ በደቂቃ ውስጥ ነው። በወዲያኛው ጫፍም እንደኔው ያልተኛ ሰው ነበረ ማለት ነው! አንዱ ሌላውን እንቅልፍ እየነሣ የሚገበያይበት ገበያ፣ ማንን አትርፎ ማንን ሊያከስር ነው?

ሃያሲ ነቅፎ ብቻ አይሄድምና አንድ እርማት ላቅርብ። ከማስታወቂያው ግርጌ «እስከ ነገ ማታ እናቆይልዎታለን» የሚል አንድ መሥመር ይጨመር። ዕቃው ጥሩ ከሆነ ሻጩ ምን ይጎዳል? እስከዚያው እኛ አንባቢዎቹ የተሰረዘውን ሐረግ በገዛ አፋችን እንመልሰው። ስልኩን ደፍቶ መተኛትም «ዞሬ ልምጣ» ማለት ነው።

ማሽኑ እስካሁን ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ቡና የምንጠጣው በጀበናው ነው።