«ዮሳን ሂሮኩ» እና የሐር አርቢው ቤት

ኡኤጋኪ ሞሪኩኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1803 ዓ.ም. በጃፓን ያሳተመው «ዮሳን ሂሮኩ»፥ ማለትም «የሐር ትል አረባብ ምስጢራዊ መዝገብ»፥ ሦስት ክፍል ያለው ባለሥዕል መጽሐፍ ነው። በ1848 ሆፍማን ወደ ፈረንሳይኛ ስለ ተረጐመው የአውሮፓ ሊቃውንትም አንብበውታል። ይህን መጽሐፍ ጥበብ ከሊቅ ወደ ገበሬ ለመውረዱ ምስክር አድርጎ መቍጠር ይቀላል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። ኡኤጋኪ ራሱ የገጠር ሰው፥ ትል አርቢና የእንቍላል ነጋዴ ነበረ። ስለ ሐር ጥንተ አመጣጥ የሚተርከውን ክፍል ያለፈ አንባቢ ብዙ አይጐዳም፤ የመጽሐፉ ብርታት ከአርቢዎቹ ልማድ በለቀመው ነገር ላይ ነው።

ሥዕሎቹ ከጽሑፉ ይልቅ ይናገራሉ። ቅጠሉን ሲያዘጋጁ፥ ትሉን ሲመግቡ የሚታዩት ሴቶች ናቸው። ትሉ አራት ጊዜ ቆዳውን ከጣለ በኋላ፥ በመጨረሻው ዕድሜው፥ በሕይወቱ ከሚበላው ቅጠል አብዛኛውን ይበላል። በዚያን ሰሞን ቤተ ሰቡ መኝታውን ሳይቀር ለትሉ ይለቅ ነበር። ትሉንም «ኦካይኮሳማ» ይሉታል፤ «ሳማ» በእኛ ዘንድ «አንቱ» እንደ ማለት ያለ የአክብሮት ቃል ነው። እንግዲህ አዲስ ዘዴ ሁሉ በመጀመሪያ የሚመዘነው በዚህ ሰሞን ድካም ላይ በሚጨምረው ወይም በሚቀንሰው ነው፤ የምክር መጽሐፍ ግን ይህን ሚዛን አያሳይም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መሻሻልም በአንድ መንገድ አልሄደም። ናካሙራ ዜንኤሞን በ1849 ለአርቢዎች የሚሆን የሙቀት መለኪያ አወጣ። ታጂማ ያሄይ ግን ነፋስ እንደ ልብ የሚገባበትን ቤት መረጠ፤ በ1863 ጣሪያው ላይ የአየር መተላለፊያ ያለው ቤት ሠራ፥ በ1872ም ዘዴውን በመጽሐፍ አወጣ። ታካያማ ቾጎሮ ሁለቱን አስታረቀ፤ በ1884 የተመሠረተው ማኅበሩም ዘዴውን ለገበሬዎች አስተማረ። ምክሩን መቀበል ጣሪያን አፍርሶ እስከ መሥራት የሚያደርስ ስለ ሆነ፥ የዘገየውን ገበሬ «ልማዱን የማይተው» ብሎ መንቀፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የተዳቀለው ዘር ግን ሌላ ነገር ነው። ቶያማ ካሜታሮ ሁለት ዘሮችን በማዳቀል የሚገኘው የመጀመሪያ ትውልድ ብርቱ መሆኑን ካሳየ በኋላ፥ ከ1914 ጀምሮ እንቍላሉ ለአርቢዎች ይታደል ጀመር። ትርፉ አይካድም። ገበሬው ቀድሞም እንቍላል ይገዛ ነበር፤ ኡኤጋኪም የኖረበት ንግድ ይኸው ነው። ሆኖም የፈለገ ሰው ከራሱ ምርት መርጦ ዘር ማስቀረት ይችል ነበር። የተዳቀለው ዘር ግን በሁለተኛው ትውልድ ስለሚለያይ ለዘር አይሆንም፤ በየወቅቱ መግዛት ግድ ነው። ስለዚህ አርቢው የ1803ን ምክር እንደ ቤቱ ሁኔታ ያርመው ዘንድ ይችል ነበር፤ ይህን ግን እንደ ተሰጠው ይቀበላል። እንቍላል የመምረጡም ዕውቀት ከአርቢው ቤት ወጥቶ የዘር አዘጋጁ ሥራ ሆነ።