ጉዱ ካሣን በኖት

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ አፉ የማይያዝ ሰው አለ። ጉዱ ካሣ የዘመዶቹን ወግ፣ የባላባቱን ትምክሕት፣ ልማድ የተባለውን ሁሉ «ለምን?» እያለ ይሞግታል። «ጉዱ» የተባለውም ለዚሁ ነው። ታዲያ ይህን ሰው እኛ የምንማረው እንዴት ነው? በኖት! መምህሩ ያነባሉ፤ እኛ እንጽፋለን፤ በፈተና ቀን «የጉዱ ካሣን አራት ባሕርያት ዘርዝሩ» እንባላለን። አምስተኛ ያገኘ ተማሪ ነጥብ አያገኝበትም። ጠያቂውን ሰው ያለ ጥያቄ መማር ማለት ይኸ ነው።

አንዳንዶች መምህርን መሞገት ከባህላችን ውጭ ነው ይሉናል። አንቀበልም። በዛብህ የተማረበትን ቅኔ ቤት እንመልከት። እዚያ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በመሸምደድ ብቻ አይወጣም። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙለታል። መምህሩ ይከበራሉ፤ ተማሪው ግን ዝም አይልም። እንግዲህ አክብሮትና ዝምታ አንድ አይደሉም።

ይህን ስንል ቅኔ ቤቱን ገነት ለማድረግ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት አለንጋ ነበረ። ሴት ልጅም ያን በር ያለፈችው ከስንት አንዴ ነው፤ የቅኔ መምህርቷ የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስም እንዲህ የሚነሣው እኮ ብርቅ ስለሆኑ ነው። ደግሞም ቅኔ የሁላችን ቤት አይደለም። ከቦረና የመጣው ወንድማችን በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ ተሰብስቦ ሕግ ሲመክር እየሰማ ያደገ ነው። ከወላይታ የመጣችው እኅታችን የእናቷን ተረት ይዛ መጥታለች። አንዱን ብቻ «ባህላችን» ብሎ ማስተማር ሌላውን በገዛ ክፍሉ እንግዳ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ከቅኔ ቤቱ አሠራሩን እንውሰድ፤ አለንጋውን እንተው። እያንዳንዱ ተማሪ ካደገበት ወግ ተነሥቶ የራሱን ፍች ያምጣ፤ ከመጽሐፉ ማስረጃ ጠቅሶ ይሟገት፤ መምህሩ ያርሙ፣ እሳቸውም ይጠየቁ። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ቆጠራ ልጃቸውን ባል ሲያሳጧት የወላይታዋ ልጅ ነገሩን በእናቷ አገር ወግ ብትመዝነው ልብ ወለዱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ፈተናውም ይለወጥ። «ባሕርያቱን ዘርዝሩ» ቀርቶ «ጉዱ ካሣ የተሳሳተው የት ላይ ነው?» ይባል። የዚህ መልስ ኖት ውስጥ የለም።