ለትንፋሹ ቦታ መተው

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ዜማውን የሚከፍለው በትንፋሹ ልክ ነው። አየር ሲስብ የሚመጣው ዝምታም የዜማው አካል ነው። የኦርኬስትራ ዜማ ለቫዮሊንና ለፒያኖ ሲቀናበር ከሁሉ በፊት መጠበቅ ያለበት ይህ ትንፋሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የአንቶኒን ድቮርዣክ ዘጠነኛ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል፣ «ላርጎ»፣ ነው። ሲምፎኒው በ1893 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ፤ ፍሪትዝ ክራይዝለር ደግሞ የዚህን ክፍል ዜማ ለቫዮሊንና ለፒያኖ አቀናበረው። ብዙዎች የጥቁር አሜሪካውያን ጥንታዊ መንፈሳዊ መዝሙር ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ድቮርዣክ የመዝሙሮቹን መንፈስ ይዞ ራሱ የደረሰው ነው። ግጥም የገባለት በ1922 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ገጣሚውም ተማሪው የነበረው ዊሊያም አርምስ ፊሸር ነው። የመክፈቻው ሐረግ ከትዝታ ሜጀር ድምፆች አይወጣም፤ ስለዚህ ለጎጃም ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ዜማውን በኦርኬስትራው የሚያነሳው ኮር አንግሌ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ቫዮሊኑ ያንን ትንፋሽ በደጋኑ መተካት አለበት። የቁልፉ ምርጫ እዚህ ላይ ይወስናል። ለጀማሪ ይቀላል ተብሎ ወደ ዲ ሜጀር ቢዛወር፣ ዲ፣ ኤ እና ኢ በባዶ ክር ሊመቱ ስለሚችሉ ድምፃቸው ከሌሎቹ ተለይቶ ይጮኻል። በመጀመሪያው ዲ ፍላት ግን ከአምስቱ የትዝታ ድምፆች አንዱም ባዶ ክር ላይ አይወድቅም፤ ሁሉም ከጣት ሥር ነውና እንደ ማሲንቆ ማንሸራተትና ማርገብገብ ይቻላል። ሐረጉ በወፍራሙ ጂ ክር ሲጫወት ደግሞ ወደ ኮር አንግሌው ጥቁር ድምፅ ይቀርባል። የፒያኖ ድምፅ ከተመታ በኋላ እየከሰመ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቫዮሊኑ በሚተነፍስበት ቦታ ጣቶቹ እየሮጡ ዝምታውን መሙላት የለባቸውም።

«ፒያኖው እንዲህ ዝም ካለ ለምን ያስፈልጋል? ማሲንቆ ብቻውን ይበቃ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። መልሱ በ«ላርጎ» መግቢያ ላይ አለ። የነሐስ መሣሪያዎቹ ከኢ ሜጀር ተነሥተው በጥቂት ኮርዶች ወደ ዲ ፍላት ይደርሳሉ። ከሩቅ አገር ወደ ቤት የመምጣት ያህል የሆነው ይህ ጉዞ በአንድ ክር አይነገርም፤ ፒያኖው ሙሉ ድምፁን ማውጣት ያለበት እዚያ ነው። የባዕድ መሣሪያ የእኛን ቅኝት ያበላሻል የሚለው ስጋትም ቸል የሚባል አይደለም፤ የፒያኖ ቁልፍ አይንሸራተትምና። ይሁን እንጂ አሸናፊ ከበደ በ«እረኛው ባለዋሽንት» የገጠሩን ዋሽንት ወደ ኦርኬስትራ፣ ግርማ ይፍራሸዋም አምባሰልን ወደ ፒያኖ ሲያመጡ መሣሪያውን ለዜማው አስገዙት እንጂ ዜማውን ለመሣሪያው አላስገዙም። ስለዚህ አቀናባሪው የፒያኖውን ክፍል ጽፎ ሲጨርስ ቫዮሊኑን ብቻውን ያስጫውት፤ ከዚያም ያለ ፒያኖ ምንም ያልጎደለባቸውን ቦታዎች ለይቶ፣ እዚያ የጻፈውን ይሰርዝ።